የእንግሊዝኛ ቃል ከየት መጣ? ሥሩን ራሳችሁ የምትፈልጉበት መንገድ

«ኒውስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከአራቱ አቅጣጫዎች፣ ማለትም ከኖርዝ፣ ኢስት፣ ዌስት እና ሳውዝ የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ዜና ከአራቱም ማዕዘን ስለሚመጣ ነው አሉ። ደስ ይላል፣ ግን ውሸት ነው። ቃሉ የመጣው «አዲስ» ማለት ከሆነው «ኒው» ነው፤ ብዙ ቁጥር ሆኖ፣ «አዳዲስ ነገሮች» እንደማለት። ዕድሜው ከ600 ዓመት ይበልጣል። በዚያ ዘመን ደግሞ ጸሐፊው ሁሉ እንደመሰለው ይጽፈው ስለነበር ቃሉ ሁልጊዜ አራት ፊደል እንኳ አልነበረውም።

እንዲህ ያለውን ወሬ ከእውነተኛው ታሪክ ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ስልክ፣ ወረቀትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። አካሄዱ ለተማሪም፣ ለአስተማሪም፣ ለተርጓሚም ይሆናል። ውጭ አገር ሆኖ ልጁ «ይሄ ቃል ለምን እንዲህ ሆነ?» እያለ ለሚያፋጥጠው ወላጅም እንዲሁ። ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱን ለማሳየት አንድ ቃል ይዘን እንሄዳለን፦ «ማጋዚን»። የመረጥኩት በእኛም ቤት ዘመዶች ስላሉት ነው።

1. ከምንጩ በፊት ትርጉሙን ጻፉ

ብዙ ሰው ቃሉን እንዳየ በቀጥታ ወደ ምንጩ ይሮጣል። አትቸኩሉ። ቃሉ ዛሬ ያለውን ትርጉም፣ ሁሉንም፣ በአማርኛ ወረቀት ላይ አስፍሩ። «ማጋዚን» ሲባል በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚታተም መጽሔት አለ። ጥይት የሚሞላበት የጠመንጃ ካዝና አለ። የባሩድና የጦር መሣሪያ ማከማቻ ቤትም አለ። መጽሔትንና ጥይትን ምን አገናኛቸው? ሥራው የሚጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

አጻጻፉንም አጣሩ። በፊደል አንድ የሆኑ፣ በዘር ግን የማይተዋወቁ ቃላት አሉ። በትልልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ኒገስ» ብላችሁ ብትፈልጉ ሁለት ታገኛላችሁ። አንዱ የእኛው «ንጉሥ» ነው። ሌላው ከወይን ጠጅ፣ ከሙቅ ውሃና ከስኳር የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። ስሙን ያገኘው በ1732 ከሞተው ፍራንሲስ ኒገስ ከተባለ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ነው፤ ከነገሥታቱ ጋር ምንም አያገናኘውም። መዝገበ ቃላት እንዲህ ያሉትን ቃላት በትንንሽ ቁጥር፣ 1 እና 2 እያለ ይለያቸዋል። ቁጥር ካያችሁ የምትፈልጉት ላይ መሆናችሁን ሳታረጋግጡ አትለፉ።

2. ሁለት መዝገበ ቃላት ክፈቱ፣ አንድ አይበቃም

በነፃ የሚገኘውና ለስልክ የሚመቸው «ኦንላይን ኤቲሞሎጂ ዲክሽነሪ» ነው፤ ያዘጋጀው ዳግላስ ሃርፐር ነው። ቃሉን ስትጽፉለት ዘመኑንና የመጣበትን መንገድ ባጭር ባጭሩ ይነግራችኋል። ከጎኑ «ሜሪያም ዌብስተር»ን ክፈቱ። እሱ ቃሉ በጽሑፍ የታየበትን የመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ያሳያል። ዊክሽነሪም ብዙ ነገር አለው፤ ማንም ገብቶ የሚያርመው ስለሆነ ግን ብቻውን አትመኑት።

የሁሉም አባት የኦክስፎርዱ ነው። ሐሳቡ ለንደን ውስጥ የተነሣው በ1857 ነበር። ጄምስ መሬይ የተባለ ሰው አዘጋጅነቱን የያዘው በ1879 ነው፤ ሥራው ያለቀው በ1928። መሬይ መጨረሻውን ሳያይ በ1915 ሞተ። ያን ያህል የቆየው ለእያንዳንዱ ቃል ከየዘመኑ ጽሑፍ ምስክር ስለሚፈለግለት ነው። ተራ አንባቢዎች ከየመጽሐፉ ዓረፍተ ነገር እየገለበጡ በቁራጭ ወረቀት ይልኩ ነበር። ከብርቱዎቹ ላኪዎች አንዱ ዊልያም ማይነር ሰው ገድሎ በአእምሮ ሕሙማን ተቋም የተዘጋበት አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ነበር፤ ሥራውን የሚሠራው እዚያው ሆኖ ነው። የኢንተርኔት እትሙ ክፍያ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወይም ውጭ አገር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያላችሁ ግን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ተቋሙ ከፍሎበት ይገኛል።

የእኛን ወገን ለማጣራት ለአማርኛ የደስታ ተክለ ወልድን፣ ለግእዝ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ያዙ። ሁለቱም ስካን ተደርገው ኢንተርኔት ላይ ይዞራሉ።

3. ምልክቶቹን ማንበብ ልመዱ

መዝገበ ቃላቱ ቦታ ለመቆጠብ ብዙ ነገር ያሳጥራል። «ኦ» እና «ኢ» ተጣምረው ካያችሁ ኦልድ ኢንግሊሽ፣ ጥንታዊው እንግሊዝኛ ነው። «ኤም» እና «ኢ» የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ነው። «ኤል» ብቻዋን ላቲን፣ «ኦ» እና «ኤፍ» ጥንታዊ ፈረንሳይኛ፣ «ኦ» እና «ኤን» ከስካንዲኔቪያ በባሕር የመጡት የቫይኪንጎች ቋንቋ። ወደ ቀኝ የተከፈተች ማዕዘን የምትመስል ምልክት «ከዚህ የመጣ» ማለት ናት።

ከሁሉም በላይ የኮከቧን ምልክት አትርሱ። ከቃል ፊት ኮከብ ካለ ያ ቃል ተጽፎ አልተገኘም ማለት ነው። ሊቃውንቱ የኋለኞቹን ቋንቋዎች አነጻጽረው «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ያበጁት ነው። ጠቃሚ ነው፤ ግን እንደ ሰነድ አትጥቀሱት።

4. ቀኑን ያዙ

እኔ ታሪክ ሲነገረኝ መጀመሪያ የምፈልገው ቀኑን ነው። ቀን የብዙ ወሬ አፍ ይዘጋል። «ማጋዚን» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታየው በ1580ዎቹ ነው። ይህ ቃሉ የተወለደበት ሳይሆን በጽሑፍ የተያዘበት ጊዜ ነው፤ በአፍ ከዚያ በፊት ሊኖር ይችላል።

ዘመኑ ስለ ምንጩም ፍንጭ ይሰጣል። እስከ 1100 ገደማ ያለው ጥንታዊው እንግሊዝኛ የጀርመንኛ ዘመድ ነው፤ «ሃውስ»፣ «ዋተር»፣ «ብሬድ» የዚያ ዘመን ናቸው። ቫይኪንጎች ሲመጡ «ስካይ»ን፣ «ናይፍ»ን፣ «ዊንዶው»ን አመጡ። የመጨረሻው በእነሱ ቋንቋ «የነፋስ ዓይን» ማለት ነበር። በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ሲይዝ ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ። መስክ ላይ የቆመችው ላም «ካው» እንደተባለች ቀረች፤ ሥጋዋ ገበታ ላይ ሲቀርብ ግን «ቢፍ» ሆነ። አሳማና በግም ላይ ያው ነው የደረሰው። ከ1500 ወዲህ ደግሞ ላቲንና ግሪክ በገፍ ገቡ።

በነገራችን ላይ፣ ቃላት ሲጋጩ ምን እንደሚመስል ዊልያም ካክስተን ጽፎልናል። በ1476 ማተሚያን ወደ እንግሊዝ ያመጣው ሰው ነው። በ1490 እንደጻፈው ነጋዴዎች መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ ቤት ገብተው ምግብ ጠየቁ፣ ከምግቡም «ኤግስ» አሉ፣ ዕንቁላል። ሴትዮዋ «ፈረንሳይኛ አልችልም» ብላ መለሰች። ጠያቂው ተናደደ፤ እሱም ፈረንሳይኛ አይችልማ! ሌላው «አይረን» ሲላት ገባት። «ኤግ» የቫይኪንጎች፣ «አይረን» የነባሩ እንግሊዝኛ ነበር። ያሸነፈው መጤው ነው።

አንድ ቃል በየዘመኑ ምን ያህል እንደተጻፈ በቁጥር ማየት የፈለገ የጉግልን ኤንግራም ቪወር ይሞክር። በድሮ ኅትመት «ኤስ» ረጅም ሆና ትጻፍ ስለነበር ማሽኑ «ኤፍ» እያለ ያነባታል። ከ1800 በፊት ያለውን ውጤት ስታዩ ይህን አስቡ።

5. መንገዱን ወደ ኋላ ተከተሉ

አሁን ወደ «ማጋዚን»። እንግሊዝኛው የወሰደው ከፈረንሳይኛው «ማጋዛን» ነው፤ በፈረንሳይ ዛሬም ሱቅ ማለት ነው። ፈረንሳይኛው ከጣልያንኛው «ማጋዚኖ» ወሰደ። ጣልያንኛው ከዓረብኛው «መኻዚን» ወሰደ፤ የ«መኽዘን» ብዙ ቁጥር፣ ማከማቻዎች። ሥሩ «ኸዘነ»፣ አከማቸ። እዚህ ላይ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ጆሮው ይቆማል። «መጋዘን» የዚሁ ቤተሰብ ነው። «ካዝና»ም ያው ሥር ነው። ስለዚህ የጠመንጃው ማጋዚን በአማርኛ «ካዝና» ሲባል፣ አንድ የዓረብኛ ሥር በሁለት መንገድ ዞሮ እዚያው ጠመንጃ ላይ ተገናኘ ማለት ነው።

መጽሔቱስ? በ1731 ኤድዋርድ ኬቭ የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ አንድ ወርኃዊ ኅትመት ጀመረ። ከየጋዜጣው የለቀመውን ልዩ ልዩ ጽሑፍ በአንድ ላይ አከማችቶ ማጋዚን አለው፤ የጽሑፍ መጋዘን። ሌሎች ተከተሉት፣ ትርጉሙም ጸና። በደረጃ 1 የጠየቅነው ጥያቄ ተመለሰ፦ ጥይቱም ጽሑፉም የሚከማች ነገር ነው።

በእያንዳንዱ እርምጃ ሦስት ነገር አስፍሩ፦ ቋንቋው፣ ቅርጹ፣ ያኔ የነበረው ትርጉም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ደግሞም ቋንቋዎቹ እውነት ተገናኝተው ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የጣልያን ነጋዴዎች በሜዲትራኒያን ወደቦች ከዓረቦች ጋር ይነግዱ ነበር፤ የዕቃ ማከማቻ ስም መዋሳቸው አይገርምም።

ቃሉ ከክፍሎች የተገጣጠመ ከሆነ መጀመሪያ ገንጥሉት። «ቴሌፎን» ግሪክኛው «ሩቅ» እና «ድምፅ» ነው። «ኮምፓኒየን»፣ ጓደኛ፣ በላቲን «አብሮ» እና «ዳቦ» ነው፤ አብሮ የሚበላ። «ሎርድ» ደግሞ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዳቦ ጠባቂ» ነበር። ሁለት ቃል ተጣብቆ ስላለቀ ዛሬ መገጣጠሚያው አይታይም።

6. ትርጉሙ የተጠማዘዘበትን ቦታ ፈልጉ

ምንጩን ስላገኛችሁ የዛሬውን ትርጉም አገኛችሁ ማለት አይደለም። «ናይስ» በላቲን «የማያውቅ» ከሚል ቃል ነው የመጣው፣ በ1300 ገደማ እንግሊዝኛ ሲገባም «ሞኝ» ማለት ነበር። ቀስ እያለ «ጥንቁቅ»፣ «ስስ» እየሆነ በ1700ዎቹ «ደስ የሚል» ላይ ደረሰ። «ሲሊ» በተቃራኒው ሄደ፤ ከ«ብሩክ» ተነሥቶ ሞኝ ላይ ወደቀ። «ሚት» ማንኛውም ምግብ ነበር፣ ዛሬ ሥጋ ብቻ ነው። «ገርል» ወንድም ሴትም ልጅ ነበር። በድሮ ጽሑፍ ውስጥ እነዚህን ስታገኙ በዛሬው ትርጉም ከተረጎማችሁ ጉድ ነው። በዛሬ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ «የቃሉ እውነተኛ ትርጉም የጥንቱ ነው» እያላችሁ ሰው አታርሙ። «ናይስ» ያላችሁ ሰው አልሰደባችሁም።

7. ተመሳሳይ ድምፅ አያታላችሁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። በላቲን ቀን «ዲዬስ» ነው፣ በእንግሊዝኛ «ዴይ»። ዘመድ ይመስላሉ። አይደሉም። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያዕቆብ ግሪም በ1822 በዝርዝር ባስቀመጠው የድምፅ ሕግ መሠረት፣ በጋራ አባታቸው በኩል በተወረሱ ቃላት የላቲን «ፐ» በእንግሊዝኛ «ፈ» ይሆናል፦ ፓተር፣ ፋዘር፤ ፒስኪስ፣ ፊሽ። የላቲን «ከ» ደግሞ «ሀ» ነው፦ ኬንቱም፣ ሀንድሬድ። የላቲን «ደ» በእንግሊዝኛ «ተ» ነው፦ ዱኦ፣ ቱ፤ ዴኬም፣ ቴን። እንግዲህ «ዴይ» የ«ዲዬስ» ዘመድ ቢሆን ኖሮ በ«ተ» መጀመር ነበረበት። ልክ እንደዚሁ የስፓኒሹ «ሙቾ» እና የእንግሊዝኛው «መች»፣ ሁለቱም «ብዙ» ሆነው፣ አይዛመዱም።

ሕጉ እንግዳ ከመሰላችሁ እስራኤል የሚኖር ዘመዳችሁን ጠይቁ። የዕብራይስጥ «ሸ» ብዙ ጊዜ በእኛ «ሰ» ናት፦ ሻሎም፣ ሰላም፤ ሼም፣ ስም፤ ሻማይም፣ ሰማይ። ዝምድና የሚታወቀው በአንድ ጥንድ ቃል መመሳሰል ሳይሆን እንዲህ በተደጋጋሚ በሚታይ ሥርዓት ነው።

ይህን የምለው «እንግሊዝኛ ከግእዝ ወጣ» የሚል ዝርዝር ስለሚዘዋወር ነው። አማርኛና ግእዝ ሴማዊ ናቸው፣ እንግሊዝኛ የኢንዶ-አውሮፓ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ተመሳሳይ ቃል ስታገኙ ወይ ውሰት ነው ወይ አጋጣሚ። ውሰት ከሆነ መንገድ አለው። የእንግሊዝኛው «ኧርዝ» የዓረብኛውን «አርድ» ይመስላል፣ ሁለቱም ምድር ናቸው፤ መንገድ ግን የለውም። «ኬመል» ግን መንገድ አለው፦ ከላቲን፣ ከግሪክ፣ ከዚያ ከሴማዊ ቋንቋ፣ ከእኛ ግመል ዘመዶች። «ከሚን»ም እንዲሁ ነው፤ ከሙናችን። «አልፋቤት»ም ግሪኮች ፊደሉን ከፊንቄያውያን ሲቀበሉ የወሰዱት የሁለት ፊደላት ስም ነው፣ «በሬ» እና «ቤት»። አዎ፣ የምንኖርበት ቤት። በቀጥታ ከአማርኛ የገቡም አሉ፤ «ጤፍ» እና «እንጀራ» መዝገበ ቃላት ውስጥ ናቸው።

«ኮፊ»ስ? ከዓረብኛው «ቀህዋ»፣ በቱርክኛ «ካህቬ» በኩል ነው። ቀህዋ ራሱ ከካፋ መጣ የሚል ሐሳብ አለ፣ ሊቃውንት ግን አልተስማሙበትም። የቡና ተክል የእኛ መሆኑ ሌላ ጉዳይ፣ የቃሉ ምንጭ ሌላ ጉዳይ። ስትጽፉ «ይባላል» በሉ፣ «ነው» አትበሉ።

8. ታሪኩ ሲጣፍጥ ተጠራጠሩ

ከፊደላት የተገጣጠመ ነው ከተባላችሁ ቀኑን እዩ። እንዲህ ቃል መሥራት የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ራዳር» እውነት ነው፣ በ1940ዎቹ መባቻ የተበጀ። ለመቶዎች ዓመታት የኖረ ቃል እንዲህ ተሠራ ሲሏችሁ ግን እለፉት።

የ«ሳላሪ» ታሪክ ደግሞ ረቀቅ ያለ ነው። ላቲኑ «ሳላሪዩም» ከ«ሳል»፣ ከጨው መምጣቱ ትክክል ነው። «የሮማ ወታደር ደመወዙ ጨው ነበር» የሚለው ግን የጥንት ምስክር የለውም፤ ወታደሩ የሚከፈለው በሳንቲም ነበር። እኛ ቶሎ የምናምነው አሞሌ ጨው በአገራችን በእርግጥ ገንዘብ ሆኖ ስለኖረ ይመስለኛል። የእኛ እውነት ግን ለሮማ ማስረጃ አይሆንም።

9. አሳጥራችሁ መዝግቡ

ለአንድ ቃል አራት መስመር ይበቃል። ለምሳሌ፦

ቃሉ፦ አልኮል።
ቀኑ፦ በእንግሊዝኛ በ1500ዎቹ።
መንገዱ፦ ዓረብኛ «አል-ኩሕል»፣ የዓይን ኩል፤ ከዚያ የመካከለኛው ዘመን ላቲን፤ ከዚያ እንግሊዝኛ።
ትርጉሙ፦ መጀመሪያ በጣም የላመ ዱቄት፤ ቀጥሎ ተጣርቶ የወጣ ፍሬ ነገር፤ ከዚያ ከወይን ጠጅ ተጣርቶ የወጣው መንፈስ፤ በመጨረሻ የሚያሰክረው ነገር ራሱ።

እርግጠኛ ባልሆናችሁበት መስመር ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፣ ሁለቱ መዝገበ ቃላት ከተለያዩም ልዩነቱን ጻፉ። ለመለማመጃ «ሲቬት»ን ውሰዱ። መንገዱ በፈረንሳይና በጣልያን አድርጎ ዓረብኛ ይገባል፤ እዚያ ስትደርሱ የእኛን ዝባድ ታገኙታላችሁ።